«ሌባ ነህ እያልሽኝ ነው?» ያለኝ ገዢ

ይድረስ ለዓምዱ አዘጋጅ፤ እትዬ ልበልዎት።

የምጽፍልዎት ከደብረ ብርሃን ነው። ዕድሜዬ 31 ነው። ባለትዳርና የአንድ ልጅ እናት ነኝ። የምተዳደረው በልብስ ስፌት ነው። በቅርቡ በኤሌክትሪክ የሚሠራ የስፌት መኪና በብድር ገዛሁ። የመጀመሪያው ክፍያ በወሩ መጨረሻ ይደርሳል። ለእሱ ብዬ እናቴ ትታልኝ የሄደችውን፣ በእግር የምትረገጠውን ሲንጀር ልሸጥ ወሰንኩ። እናቴ ሦስት ልጆች ያሳደገችው በዚች መኪና ነው። ካረፈች ሁለት ዓመት ሆናት። ያጠራቀመቻቸው የልብስ ቁልፎች እስካሁን መሳቢያው ውስጥ አሉ። ልጄ ይጫወትባቸዋል።

ፎቶ አንስቼ፣ ዋጋውን 16 ሺህ ብር ብዬ ቴሌግራም ላይ ለጠፍኩ። ሁለት ገዢ መጣልኝ። አንዷ የመንዝ፣ የመሐል ሜዳ ልጅ ናት። ስፌት ተምራ ጨርሳለች። መጀመሪያ 12 ሺህ አለች፤ ስንከራከር 13 ሺህ ገባች። «አባቴ በግ ሲሸጥልኝ እመጣለሁ» ትላለች። ስልኳ አንዳንዴ ሁለት ቀን አይሠራም። ጥያቄዋ ደግሞ አያልቅም፤ ቀበቶው ይንሸራተታል ወይ፣ ወፍራም ጨርቅ ይወጋል ወይ፣ ስትሠሪ ድምፁን ቅጂልኝ።

ሁለተኛው ሸዋ ሮቢት ሱቅ ልከፍት ነው ያለኝ ሰውዬ ነው። «16 ሺህ? እሺ» አለ፤ በቃ። ቅዳሜ ማታ የባንክ ደረሰኝ ስክሪንሾት ላከልኝ። 17,500 ይላል። «1,500ው የሹፌሩ ነው፣ በእጁ ስጪልኝ፤ እሑድ ንጋት 12 ሰዓት አይሱዙ ይዞ ደጅሽ ይመጣል» አለኝ። ስልኬን ባይ ምንም አልገባም። ስነግረው «ሲስተም ነው፣ ሰኞ ይገባል፣ በእናቴ ሞት» አለ። ትንሽ ስላመነታሁ ድምፁ ተለወጠ። «ሌባ ነህ እያልሽኝ ነው? የአገርሽ ልጅ እኮ ነኝ!» አለኝ። አፈርኩ፤ ይቅርታ ጠየቅኩት። ልጄ ታሟል ብዬ ዋሽቼ ሹፌሩን አስቀረሁት።

አሁን በየቀኑ ይደውላል። «ብሬን በልተሽ ዕቃዬን ከልክለሻል፣ እከስሻለሁ» ይላል። አማቴ «የሰው ገንዘብ ነክተሽ እንዳይሆን» አለችኝ። ባለቤቴ ለእሱ ሽጪና ተገላገዪ፣ የመንዟ ልጅ ታደርቅሻለች ይላል። እኔ ሌሊት እየተነሳሁ ሂሳቤን አያለሁ። ምናልባት እኔ ይሆን የተሳሳትኩት? እባክዎ ቶሎ ይመልሱልኝ።

አንባቢዎ፣ ከደብረ ብርሃን

*

እህቴ፣ ደብዳቤሽ በደረሰኝ ቀን አንድ አጭር መልእክት ልኬልሽ ነበር። «መኪናዋን ለሰውዬው አትስጪ፣ ለሹፌርም አንድ ብር አትክፈዪ» የሚል። ቀኑ እንዳይቀድምሽ ብዬ ነው። አሁን ረጋ ብለን እናውራ።

አስቀድሜ ሌሊት የሚያስነሳሽን ነገር ላንሳ። አልተሳሳትሽም። ገንዘቡ አልገባም። በሂሳብሽ ላይ የሌለ ብር በሰውዬው ስልክ ላይ ስላለ ብቻ አለ አይባልም። ቀኑን ሙሉ ስትረግጪ ውለሽ እኩለ ሌሊት ላይ ተነስተሽ፣ ልጁ እንዳይነቃ ስልኩን በብርድ ልብስ ሸፍነሽ ቀሪ ሂሳብ ስታዪ ታየሽኝ። ልቤን ነካው። ከዛሬ ጀምሮ እንቅልፍሽን ተኚ። አንድ ጊዜ ቀን ላይ በትክክል ታረጋግጫለሽ። እንዴት እንደሆነ ወረድ ብዬ እነግርሻለሁ።

ደብዳቤሽን ደጋግሜ ሳነበው ሁሌም የምቆመው አንድ ቦታ ላይ ነው፤ «አፈርኩ፤ ይቅርታ ጠየቅኩት» የምትዪው ጋ። ገንዘብ ያልላከው እሱ፤ ይቅርታ የጠየቅሽው አንቺ። ከዚያም ልጅሽ ሳይታመም ታሟል አልሽ። ለምን ይመስልሻል? ሞኝ ስለሆንሽ አይደለም። ሰው አክብሪ፣ ሰው አታስቀይሚ እየተባልሽ ስላደግሽ ነው። ይሉኝታ ነው። እኛ ጋ ሰውን «አላመንኩህም» ማለት ነውር ነው። በተለይ «የአገርሽ ልጅ ነኝ» ካለ፣ በእናቱ ሞት ከማለ። እንዲህ ያለ ሰው የሚመጣው ደግሞ ይህንን አውቆ ነው። የሚገፋሽ በጉልበት አይደለም፤ በራስሽ ጨዋነት ነው የሚገፋሽ። ጨዋነትሽን ጣዪ አልልሽም፣ ውድ ነገር ነው። ግን «ብሩ ሲገባ ዕቃው ይወጣል» ማለት ስድብ አይደለም። ሱቅ ሄደሽ ክር ስትገዢ ባለሱቁ ብሩን ተቀብሎ ነው ክሩን የሚሰጥሽ። ተሰደብኩ ብለሽ ታውቂያለሽ?

የበሬ ገበያ ሄደሽ ካየሽ፣ ከብት የሚገዛ ሰው ሻጩን ዋስ ይጠይቀዋል። የተከበረ ሽማግሌ እንኳ ቢሆን ዋስ ይጠራል። ማንም ቅር አይለውም። በሬው የተሰረቀ ቢሆን ገዢው ማንን ይይዛል? አባቶቻችን ሰውን ያምናሉ፤ ግን ዋስ ይዘው ነው የሚያምኑት። ስልክ ላይ ስንገበያይ ነው ዋሱን የረሳነው።

እስቲ አሁን የሰውዬውን ነገር አብረን እንየው። ሌባ ነው ብዬ መፍረድ አልችልም፣ አላውቀውም። ያደረገው ነገር ግን ይታያል። ስክሪንሾቱን የላከው ቅዳሜ ማታ ነው። ሹፌሩ የሚመጣው እሑድ ንጋት 12 ሰዓት ነው። በዚህ መሐል ባንክ አይከፈትም። ሄደሽ የምትጠይቂው ሰው የለም። ከተማው በዚያ ብርድና ጉም ገና አልተነሳም፤ ጎረቤትሽም ተኝቷል። ሰዓቱን የመረጠው ለምን ይሆን? አይሱዙ ከደብረ ብርሃን ሸዋ ሮቢት ቀን ሙሉ ይመላለሳል፤ ሰኞ ከረፋዱ 4 ሰዓት ላይ ቢጫን ምን ይጎድልበታል?

ከዚያ 1,500ው አለ። እኔን ከሁሉ በላይ ያስፈራኝ እሱ ነው። ከዋጋው በላይ ልኬያለሁ ብሎ ትርፉን በእጅሽ ለሌላ ሰው እንድትሰጪ መጠየቅ የታወቀ ዘዴ ነው። ቢሳካለት ኖሮ መኪናዋም ትሄዳለች፣ ከኪስሽም እውነተኛ 1,500 ብር ይወጣል። በስልክ የሚገበያይ ሰው ሁሉ ይህቺን ቢይዛት ደስ ይለኛል፤ ገዢ ጨምሮ ልኮ «ትርፉን መልሽልኝ» ወይም «ለእገሌ ስጪልኝ» ካለሽ፣ እዚያው ቁሚ።

ሦስተኛው ነገር ያልጠየቀው ነው። ሱቅ የሚከፍት ሰው 16 ሺህ ብር አውጥቶ አሮጌ የስፌት መኪና ሲገዛ ቀበቶዋን አይጠይቅም? መርፌዋ ክር ትበጥስ እንደሆነ አይጠይቅም? ዋጋስ አይከራከርም? እኛ አገር እኮ ሽንኩርት ስንገዛ እንኳ «ጨምሪበት» እንላለን። የማይከራከር ሁሉ አታላይ ነው ማለቴ አይደለም፤ ቸኩሎ ወይም ተርፎት ያልተከራከረ ሰው ይኖራል። ግን ከኪሱ የሚከፍል ሰው ለሚከፍለው ብር ይሳሳል። የመሐል ሜዳዋ ልጅ የምታደርቅሽ ለዚህ ነው። ብሯ የበግ ብር ነው። እያንዳንዷን መቶ ብር ታውቃታለች።

አንድ የራሴን ነገር ልንገርሽ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ማቀዝቀዣ ስሸጥ አንዲት ትሁት ሴት መጣችና «ላኩልሽ» አለችኝ። ስልኬ ጮኸ። «ሂሳብዎ ገቢ ተደርጓል» የሚል ጽሑፍ ገባ። ብሩም ልክ ነው፣ ቃላቱም የባንክ ቃላት ናቸው። ልጆቹ ማቀዝቀዣውን ጭነው ሄዱ። ማታ ላይ መልእክቱን ደግሜ ሳየው ከላይ ላኪው 09 ብሎ የሚጀምር ተራ የስልክ ቁጥር ነው። ራሷ ጽፋ የላከችው ነበር። ቤቴ ቁጭ ብላ ሻይ ጠጥታ ነበር እኮ። ካጣሁት ብር ይልቅ ያ ሻይ ነው ለረጅም ጊዜ ያንገበገበኝ። ስለዚህ የምነግርሽን ከሩቅ ሆኜ አይደለም የምነግርሽ።

እና እንዴት ታረጋግጫለሽ? ስክሪንሾት ማስረጃ አይደለም። የቆየ ደረሰኝ ላይ ስምና ቀን መቀየር ለሚያውቅበት የደቂቃ ሥራ ነው። ጽሑፍ ቢመጣም ላኪውን እዪ። የቴሌብር መልእክት ላኪው 127 ነው፤ የንግድ ባንኩ በባንኩ ምህጻረ ቃል፣ ሲቢኢ በሚል ነው የሚገባው። እሱም ቢሆን ብቻውን አይበቃሽም። የሚያስተማምነው ራስሽ ገብተሽ የምታዪው ቀሪ ሂሳብ ነው። እሱ የላከልሽን ሊንክ አትክፈቺ። በራስሽ ስልክ፣ ለንግድ ባንክ *889#፣ ለቴሌብር *127# ደውለሽ እዪ። ኢንተርኔት ባይኖርም ይሠራሉ፤ ኔትወርክ ሲያስቸግር ይህ ትልቅ ነገር ነው። ብሩ ጨምሯል? ገብቷል። አልጨመረም? አልገባም። ሌላ ክርክር የለም።

ከአንዱ ባንክ ወደ ሌላው ሲላክ አንዳንዴ ይዘገያል። ይህ እውነት ነው፤ ሰውዬው «ሲስተም ነው» ያለው ነገር ከሰማይ የወረደ ውሸት አይደለም። ግን ብሩ ከዘገየ ዕቃውም አብሮ ይዘገያል እንጂ ቀድሞ አይጫንም። «ሰኞ ይገባል» ካለ መልሱ «እሺ፣ ሰኞ ይጫናል» ነው።

አሁን ደግሞ «ብሬን በልተሻል፣ እከስሻለሁ» እያለሽ ነው። ይህን አትፍሪው። እንደውም ጥሩ በር ከፍቶልሻል። ነገ ቀን ላይ የባንክ ደብተርሽንና መታወቂያሽን ይዘሽ ቅርንጫፍሽ ሂጂ። የላከልሽን ስክሪንሾት አሳዪያቸው። የንግድ ባንክ ዝውውር ኤፍቲ በሚሉ ሁለት የእንግሊዝኛ ፊደላት የሚጀምር መለያ ቁጥር አለው። እሱን አሳይተሽ «ይህ ገንዘብ ወደ እኔ ሂሳብ ገብቷል?» ብለሽ ጠይቂ። መልሱን ይዘሽ ስትመለሺ አማቴ ለምትያቸው ንገሪያቸው። እሳቸው ክፉ አስበው አይደለም፤ የሰው ገንዘብ ቤት ውስጥ እንዳይገባ ፈርተው ነው። በእሳቸው ዘመን ብር በእጅ ነው የሚቆጠረው። ሰው በማያየው ብር መባላት አይገባቸውም፤ እውነታቸውን ነው። ረጋ ብለሽ «ባንክ ሄጄ ጠየቅኩ፣ አልገባም» ካልሻቸው ካንቺ ጎን የሚቆሙት እሳቸው ናቸው ብዬ አስባለሁ።

ለሰውዬው ደግሞ አንድ ጊዜ ብቻ እንዲህ ብለሽ ጻፊለት፦

«ወንድሜ፣ ባንክ ሄጄ ጠይቄአለሁ። ገንዘቡ ሂሳቤ ውስጥ አልገባም። ከአንተ ሂሳብ ወጥቶ ከሆነ ደረሰኝህን ይዘህ ባንክህን ጠይቅ፣ ያስተካክሉልሃል። ሽያጩን ትቼዋለሁ። መልካም ቀን።»

ከዚህ በላይ አትጻፊ። አትሳደቢ፣ አትከራከሪ፣ ይቅርታም አትጠይቂ። እውነተኛ ሰው ከሆነ ባንኩ ጋ ይሄዳል። ካልሆነ ይጠፋል። ዛቻው ከቀጠለ ወይም ደጅሽ የሚመጣ ከሆነ የቅርብሽ ፖሊስ ጣቢያ ሄደሽ አመልክቺ። መልእክቶቹን፣ ስክሪንሾቱን፣ የደወለበትን ቁጥር አታጥፊ። አገራችን ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ አላት፣ ቁጥር 958/2008። በስልክና በኮምፒውተር ማታለልም፣ ማስፈራራትም በሕግ ያስጠይቃል። ማስፈራራት ያለበት እሱ አይደለም ለማለት ነው።

ደግሞ ይህቺን አስታውሺ። ለማንም፣ በምንም ምክንያት፣ የምስጢር ቁጥርሽን ወይም በጽሑፍ የሚገባልሽን ኮድ እንዳታነቢለት። ገንዘብ ለመቀበል ኮድ አያስፈልግም። «ብሩ እንዲለቀቅ ኮዱን ላኪልኝ» የሚልሽ ሰው ሊሰጥሽ ሳይሆን ሊወስድብሽ ነው።

ባለቤትሽ «ሽጪና ተገላገዪ» ያለው የብድሩ ቀን አስጨንቆት ይመስለኛል። አልፈርድበትም። ግን «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይባል የለ? እስቲ ማታ ልጁ ሲተኛ ቁጭ በሉና ሒሳቡን አብራችሁ አድርጉት። የመጀመሪያው ክፍያ ስንት ነው? ሙሉውን ከመኪናዋ ነው የምትከፍሉት ወይስ የጎደለውን ብቻ? ያበደሩሽ ሰዎች ጋ ቀኑ ሳይደርስ ሄደሽ «ዕቃ እየሸጥኩ ነው፣ ጥቂት ቀን ታገሱኝ» ብትያቸውስ? ቀኑ ካለፈ በኋላ ከመሄድ በፊት መሄድ ሁሌም ይሻላል። የጠባብ ቀን ጭንቀት ነው ሰውን ያላየውን ብር እንዲያምን የሚያደርገው።

አሁን ወደ መሐል ሜዳዋ ልጅ ልምጣ። እውነት ለመናገር ደብዳቤሽን ሳነብ እሷን ወደድኳት። ግን እኔ ስለወደድኳት ሽጪላት አልልሽም። ሁለቱ ገዢዎች አንድ ዓይነት አይደሉም። ሰውዬው አደገኛ ነው፤ እሷ ያልለየላት ናት። አደገኛውን ትሸኚዋለሽ። ያልለየላትን ግን ትለያታለሽ። የስልኳ መጥፋት የግድ ተንኮል አይደለም። መንዝ ውስጥ መብራት ሲጠፋ፣ ኔትወርክ ሲያስቸግር ሁለት ቀን ምንም አይደለም። «አባቴ በግ ሲሸጥ» ማለቷም የገበያ ቀን ትጠብቃለች ማለት ነው። ደጋ ላይ የገበሬ ባንኩ በጉ ነው። ግን አንቺም ቀን አለብሽ። እሷን ስትጠብቂ ሌላ ገዢ ቢያልፍሽ ማን ይክስሻል?

ለዚህ ነው ቀብድ የሚባለው ነገር የተፈጠረው። ደውይላትና እንዲህ በያት፤ «እህቴ፣ ላንቺ ብሸጥ ደስ ይለኛል። 2 ሺህ ብር ቀብድ በቴሌብር ላኪልኝ፤ እስከ እንዲህ ቀን እይዝልሻለሁ፤ ቀሪውን ስትመጪ ትከፍያለሽ።» ካላት ትልካለች። ከሌላትም በግልጽ ትነግርሻለች፤ ያኔ አንቺም ለሌላ ሰው ነፃ ነሽ። 2 ሺህ በዛብኝ ብትልሽ 1 ሺህም ይበቃል። ዋናው ብሩ አይደለም፣ ቁርጥ ማድረጉ ነው።

ቀብድ ከመቀበልሽ በፊት ግን አንድ ነገር እወቂ። ብዙ ሰው የሚያውቀው ግማሹን ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 1885 እንደሚለው፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ቢተው ቀብዱ ይቀርበታል። ቀብድ የተቀበለ ሰው ውሉን ቢተው ደግሞ እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። ስለዚህ ከልጅቷ 2 ሺህ ተቀብለሽ ነገ አንዱ 15 ሺህ ቢልሽና ብትሸጪለት፣ ለእሷ 4 ሺህ ትመልሻለሽ። ለእሷ መከታ ነው፣ ላንቺም መከታ ነው። በስልክ ጽሑፍ ስትስማሙም ዋጋውን፣ የቀብዱን ልክ፣ ቀኑን አንድ ላይ ጻፉት። «ተስማምተናል» ብላ ትመልስልሽ። አይጥፋብሽ።

ደግሞ ለእሷ ሐቀኛ ሁኚላት። ቀበቶው የሚንሸራተት ከሆነ ይንሸራተታል በያት። ድምፁን ቅጂላት። ወፍራም ጂንስ አጣጥፈሽ ከመርፌው ስር አሳልፊና በቪዲዮ ላኪላት። ከመንዝ ተነስቶ በሞላሌ፣ በጣርማ በር አድርጎ ደብረ ብርሃን መምጣት ቀላል አይደለም፤ ትራንስፖርቱም፣ የመንገዱም ነገር አለ። መጥታ ያልጠበቀችውን ብታገኝ ያሳዝናል። ከመነሳቷ በፊት የመንገዱን ሰላም ጠይቃ ትምጣ።

ርክክቡን ደጅሽ ላይ አታድርጊው። ሰውዬው ሰፈርሽን አውቋል፣ ያ ይበቃል። መኪናዋ ከባድ ናት፣ ሁለት ሰው ይሸከማታል፤ የትም ይዘሻት አትዞሪም፤ ገባኝ። ዋና መንገድ ላይ ሱቅ ያላት ልብስ ሰፊ ጓደኛ የለሽም? ጠዋት እዚያ በረንዳ ላይ አድርሺያት። ልጅቷ ወንበር ስባ ቁጭ ትበል፣ ትርገጣት፣ ትሞክራት። ባለቤትሽ ወይም ጎረቤት አብሮሽ ይኑር። ባንክ ክፍት በሆነበት ሰዓት ይሁን።

ቀሪውን በጥሬ ብር ይዛ ከመጣች፣ የበግ ብር ስለሆነ ይዛ መምጣቷ አይቀርም፣ በአቅራቢያችሁ ባንክ አብራችሁ ግቡ። በስምሽ እዚያው ገቢ ይደረግ። ቆጥረው፣ በማሽን አሳልፈው ይቀበሏታል። በ2013 ዓ.ም. ብሩ ተቀይሮ ባለ 200ው ከመጣ ወዲህም ሐሰተኛ ኖት በየገበያው መገኘቱ አልቀረም፤ ያቺ ልጅም ሳታውቅ ከበግ ነጋዴ ተቀብላ ሊሆን ይችላል። ባንክ ውስጥ ከታየ ሁለታችሁም ትድናላችሁ። ማንም ማንንም አልጠረጠረም።

አንድ ወረቀትም ጻፉ። ግማሽ ገጽ ይበቃል። ያንቺ ስም፣ የእሷ ስም፣ የሁለታችሁ መታወቂያ ቁጥር፣ ዋጋው፣ ቀኑ። ሲንጀሯ ብረቷ ላይ የተመታ ቁጥር አላት፤ አቧራውን በጨርቅ ጥረጊውና ታገኚዋለሽ። እሱንም ጻፉት። ሁለት ሰው ይመስክር። ለልጅቷ ይህ ወረቀት ብዙ ነው። መንገድ ላይ «ይህን ዕቃ ከየት አመጣሽው?» የሚላት ቢመጣ ታሳየዋለች። ዕቃውን ስትጭን የመኪናውን ታርጋና የሹፌሩን ስልክ አንቺም ያዢላት። ፖርቶ መጋላ ላይ የሚታሰር ከሆነ የላዩ ራስ ተፈትቶ ለብቻ በብርድ ልብስ ቢጠቀለል ይሻላል። እሱን ግን ካንቺ በላይ የሚያውቅ የለም።

ልጅቷ ሳትመጣ ቀኑ ቢያልፍስ? ያኔ ቀብዱ ይኖርሻል፣ መኪናዋም ትኖራለች። ከዚያ በኋላ ስልክ ላይ ብቻ አትጠብቂ። እዚያው ከተማችሁ ውስጥ ያሉ ልብስ ሰፊዎችን፣ የስፌት መኪና ጠጋኞችን ጠይቂ። ጠጋኞቹ ማን ምን እንደሚፈልግ ያውቃሉ። 500 ወይም 1 ሺህ ብር ዝቅ ብሎ ለሚታወቅ ሰው መሸጥ ኪሳራ አይደለም።

አሁን አንድ ጥያቄ ልጠይቅሽ። መልሱን ለእኔ መጻፍ የለብሽም። ሰውዬው «እሺ» ሲልሽ ቶሎ ያመንሽው ዋጋው ጥሩ ስለሆነ ብቻ ነው? ወይስ ይህ ነገር ቶሎ እንዲያልቅልሽ ፈልገሽ ነበር? የእናት ዕቃ መሸጥ ከባድ ነው። ፎቶ ማንሳቱ፣ ዋጋ መጻፉ፣ የማያውቁት ሰው «በዚህ ብር ውደቂ» ሲል መስማቱ ልብ ያደማል። እንዲህ ሲሆን ሰው ዓይኑን ጨፍኖ «ይውሰዳት፣ ይለፍልኝ» ይላል። እንዲህ ተሰምቶሽ ከሆነ ለባለቤትሽ ንገሪው። ላይታወቀው ይችላል። ባይሆን ወንድምና እህቶችሽንም ደውለሽ ንገሪያቸው። ሦስታችሁን ያሳደገች መኪና ናት። ምናልባት አንዳቸው «እኔ ልግዛት» ይሉ ይሆናል። ምናልባትም «ሽጪያት፣ እማዬ ብትኖር ሥራሽ ሲሰፋ ደስ ይላት ነበር» ይሉሽ ይሆናል። ሁለቱም ያቀልልሻል። ሽጪም አትሽጪም አልልሽም። ብትሸጪያት ግን ተጣድፈሽና ፈርተሽ አይሁን።

እና የምትሸጪያት ከሆነ፣ ከበረንዳው ከመድረሷ በፊት መሳቢያውን ክፈቺው። ቁልፎቹን አንድ በአንድ አውጥተሽ ቆርቆሮ ውስጥ አድርጊያቸው። መሳቢያው ነው እንጂ የሚሸጠው፣ እነሱ የልጅሽ ናቸው። ባንክ የሄድሽ ዕለት ምን እንዳሉሽ ጻፊልኝ፤ እጠብቃለሁ።